ጣልያንኛ በልብስ መቆንጠጫ

ያንን መምህር ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ካዛንቺስ አንዲት ጣልያናዊት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ልብስ አጥቤያለሁ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ጣልያንኛ የተማርኩት ልብስ ማስጫው ሥር ነው። ሴትየዋ ቃሉን ቆራርጣ እየጠራች ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ መቆንጠጫ ገመዱ ላይ ትሰካለች። ድምፁ ጠበቅ ተደርጎ የሚጠራው ቁራጭ ላይ ቀዩን መቆንጠጫ ታደርጋለች። «ጎማ» ሁለት ነው፣ ቀዩ መጀመሪያ ላይ። «ጎሚስታ» ሲሆን ሦስት ይሆናል፣ ቀዩም ወደ መሀል ይሻገራል።

የልጅ ልጄ ሜክሲኮ አካባቢ ጣልያንኛ ስትማር፣ የምስክር ወረቀቱን ካመጣች የሚቀጥራት አስጎብኚ ድርጅት አግኝታ ነበር። እኔም መቆንጠጫዎቼን አውጥቼ አስጠናኋት። ፈተና ላይ ይዛቸው ስለማትገባ በጣቶቿ መቁጠር ለመደች። በቀዩ ፋንታ አውራ ጣቷን ትጫናለች።

የቃል ፈተናው ቀን እያለቀሰች መጣች።

«እማዬ፣ መምህሩ ጣቶቼን ስቆጥር አይቶ ‹መዳፍሽ ላይ ጽፈሻል› ብሎ አስወጣኝ። እጄን ዘርግቼ ሳሳየው ‹አጥፍተሽው ነው› አለኝ። ‹ኮርጃለች› ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈብኝ።»

በማግስቱ መቆንጠጫዎቹን በፌስታል ይዤ፣ እሷን አስከትዬ ክፍሉ ድረስ ገባሁ። መምህሩ ፌስታሉን አየና ፈገግ አለ።

«እማማ፣ እዚህ እኮ ልብስ አይሰጣም።»

ተማሪዎቹ ሳቁ።

«አንተ ያሰጣኸው የልጄን ስም ነው!» አልኩት። «ያላስተማርካትን ቃል አስነብባት። እጇ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ ሁሉም ይየው።»

መጽሐፍ ገልጦ ረጅም ረጅሙን አምስት ቃል መረጠላት። ጣቶቿ ጠረጴዛውን እየነኩ፣ አውራ ጣቷ እየተጫነ፣ አምስቱንም አስተካክላ አነበበች። መምህሩ መጽሐፉን ዘጋ።

«በቃ፣ አልፋለች። ይሂዱ እማማ።»

«‹ኮርጃለች› ያልከውን ሰርዝ።»

«ካለፈች ምን ያደርግልዎታል?»

«ነገ የሚቀጥራት ሰው መጥቶ ቢጠይቅስ? ሌባ ልትባል ነው?»

የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ባዶ ወንበር ነበር፤ ተቀመጥኩ። ትምህርቱን ሊጀምር ጠመኔ አነሳ፤ እኔ አልተነሳሁም። ጠመኔውን መልሶ አስቀመጠው። መዝገቡን አወጣ፣ ሰረዘ፣ ፈረመበት። ይቅርታ የምትል ቃል ግን ከአፉ አልወጣችም።

«አመሰግናለሁ፣ ቲቸር» አለችው ልጄ፣ አንገቷን ደፍታ።

ደረጃው ላይ ስንደርስ ጮህኩባት።

«ምን አድርጎልሽ ነው የምታመሰግኚው? የራስሽን እኮ ነው የመለሰልሽ!»