የእህቷ ሐኪም

መቀስ በአሥራ አንድ ዓመት የሥራ ዘመኗ ሆን ብላ ያበላሸችው ፎቶ አንድ ብቻ ነው። እሱም የገዛ እህቷ ልጅ ፎቶ ነበር።

«መቀስ» ብለው ስም ያወጡላት የፎቶ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው። ጉርድ ፎቶ ስትቆርጥ ማስመሪያ አትይዝም፤ በዓይኗ ለክታ አራቱንም ጎን ልክክ አድርጋ ታወጣዋለች። ምላሷም ከእጇ አያንስም ይሏታል። የምትሠራው ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ደንበኛ በስልኩ ያመጣውን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ትከፍታለች፣ የጠቆረውን ታበራለች፣ ብጉር ታጠፋለች፣ አትማና ቆርጣ ፖስታ ውስጥ ትከታለች። ታዲያ ፎቶ ቤት ከሚመጣው ሰው ግማሹ የልጁን ፎቶ ይዞ ነው የሚመጣው። ጥርስ ያላወጣ፣ በሆዱ የተኛ፣ ሳፋ ውስጥ ቁጭ ብሎ ውሃ የሚረጭ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ጉንጭ ስታሳምር ትውላለች።

የራሷ ግን አልነበራትም። ካገባች በኋላ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቱም ወርደውባታል። የመጀመሪያው በአሥረኛው ሳምንት፣ ሁለተኛው በአሥራ አራተኛው፣ ሦስተኛው በአሥራ አንደኛው። ከሦስተኛው በኋላ ባሏ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ ዝምተኛ ሰው፣ አንድ ክሊኒክ ወሰዳት። ማህፀኗ ውስጥ ቀለም ተረጭቶ ኤክስሬይ ተነሣች። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ቢበዛ ለግማሽ ደቂቃ አየው።

«ማህፀንሽ ሁለት ቀንድ ነው» አላት። «አፈጣጠርሽ ነው፣ ምንም አይደረግም። ካረገዝሽ ተኝቶ ማሳለፍ ነው እንግዲህ።»

መጠየቅ የፈለገችው ነገር ነበር፤ ግን ነርሷ ቀጣዩን ስም ጠርታ በሩን ይዛ ቆማለች።

ቤት ሲደርሱ መቀስ መስታወት ፊት ቆማ ግንባሯን ዳበሰች። «ጭንቅላቴ ላይ ቢሆን እኮ በሻርፕ እሸፍነው ነበር» አለች። ባሏ ይሳቅ አይሳቅ ግራ ገባው። እሷ ስትስቅ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሻወር ቤት ገብታ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ ልቅሶዋ እንዳይሰማ።

ከዚያ ወዲያ መሞከሩን ተዉት። ስለ ልጅ ማውራቱንም ተዉት።

ልክ በዚያው ሰሞን ታናሽ እህቷ አረገዘች። ቤተሰቡ እስከ ዛሬም ሚጣ ነው የሚላት። ከመቀስ በአምስት ዓመት ታንሳለች፤ ያገባችው በኋላ፣ ያረገዘችው ግን ባገባች በሦስተኛው ወር። ሁሉ ነገር እንዲህ የሚቀላት ሰው ነች። ስትስቅ ጎረቤት ይሰማል፣ ስትተኛ ሬዲዮ ቢጮህባት አትነቃም። መቀስ እህቷን ትወዳታለች። በልጅነታቸው ፀጉሯን ያበጠረችላት፣ ደብተሯን የሸፈነችላት እሷ ነች። ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ግን ሚጣን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ሚጣ «ወገቤን!» ባለች ቁጥር መቀስ ውስጧ ይጨሳል። እኔ ያንን ወገብ በስንት ባገኘሁት፣ ትላለች በልቧ።

ልጁ ሲወለድ ደግሞ እናታቸውን ይዟት ሄደ። እናትየው ጠዋት ጠዋት ለመቀስ ደውላ ቁርስ መብላቷን ሳትጠይቅ ቀርታ አታውቅም ነበር። አሁን ጓዟን ጠቅልላ ሚጣ ቤት ገባች። ስትደውልም «ሚጣዬ ደክሟት ነው፣ ልጁ ጠብቷት ነው፣ ቆይ እደውልልሻለሁ» ሆነ ወሬው። አንድ ቀን ደግሞ መደወሉንም ረሳችው።

ፎቶው የተበላሸው በዚያ ሳምንት ነው። ሚጣ የልጇን የስድስት ወር ፎቶ ላከችላት፤ «እታለም፣ ሳሎን የሚሰቀል ትልቅ አርገሽ አትሚልኝ» ብላ። ልጁ ድዱን እያሳየ ይስቃል። መቀስ ብዙ ሳትቆይ ቢጫውን ቀለም በትንሹ፣ በጣም በትንሹ ከፍ አደረገችው። ልጁ ጉበቱን የታመመ መሰለ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት በዚያ ሲያልፍ ቆም አለና «ይሄን ልጅ አሞታል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«ብርሃኑ ነው ጋሼ፣ ሲነሣ ነው የተበላሸው» አለችው። አትማ፣ ፍሬም አስገብታ ሰጠች። ሚጣ ሳሎን ተሰቀለ። መቀስ በሄደች ቁጥር ያ ቢጫ ሕፃን ከግድግዳው ላይ ይስቅባታል። እሷም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው የምትቀመጠው።

ልጁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ሚጣ ደወለች። «እታለም፣ ጉድ ሆንኩልሽ! ደግሜ አረገዝኩ። ሳናስበው መጣ እኮ!»

መቀስ ስልኩን ዘጋችው። ሳናስበው! ሳምንቱን ሙሉ ይቺን አንዲት ቃል ስታላምጥ ሰነበተች። እሷ ሰባት ዓመት ሙሉ ያሰበችው ነገር ለእህቷ ሳይታሰብ ይመጣል።

ብዙም ሳይቆይ ሚጣ ለአልትራሳውንድ ምርመራ እንድትሸኛት ለመነቻት። የሚጣ ባል ለሥራ ራቅ ብሎ ሄዷል፣ እናታቸው ልጁን ይዛለች። መቀስ ራሴን አሞኛል አለች። እናትየው ከሚጣ እጅ ስልኩን ነጠቀችና «ለእህትሽ አንዲት ቀን እንኳ?» አለቻት። መቀስ ጥርሷን ነክሳ ሄደች።

ሐኪሟ አጠር ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች፤ እየሠራች ታንጎራጉራለች። የሚጣን ሆድ ቀዝቃዛ ጄል ቀብታ መሣሪያውን ስታስኬድበት የጽንሱ ልብ ምት ክፍሉን ሞላው። ሚጣ የእህቷን እጅ ጨብጣ «ሰማሽው?» አለች። መቀስ ሰምታዋለች። ይህን ድምፅ ሁለት ጊዜ በራሷ ሆድ ሰምታዋለች፤ በሦስተኛው መሣሪያው ቢሄድ ቢመለስ ዝም ነበር ያለው። እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«በጣም ደስ ይላል» አለች ሐኪሟ ስክሪኑን እያየች። «ማህፀንሽ እንዴት ያምራል!»

ይሄኔ መቀስ መቻል አቃታት። «ማህፀንም ቁንጅና ውድድር ገባ እንዴ?» አለች ጮክ ብላ። «እስቲ የኔንም እዪውና የሷ በምን እንደሚበልጥ ንገሪኝ!»

ሚጣ ደንግጣ ቀና አለች። ሐኪሟ ማንጎራጎሯን አቁማ መሣሪያውን አስቀመጠች። አልተቆጣችም። ወንበሯን አዙራ «አንቺ ምን ተብለሽ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

መቀስ ነገረቻት። ሐኪሟ ስንት ሳምንት ላይ እንደወረዱባት አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ቀጥላ «ሁለት ቀንድ ነው ያሉሽ በምን አይተው ነው?» አለች።

«በኤክስሬይ። ቀለም ረጭተው።»

«በሱ ብቻ? ሌላ ምርመራ የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያው ገና በደንብ አልታየሽም።» ወረቀት ስባ ሁለት ማህፀን ሣለች። አንዱ ከላይ ከውጭ ጀምሮ ለሁለት የተከፈለ ነው። ሌላው ከውጭ ሲያዩት አንድ ሙሉ ነው፤ ከውስጡ ግን ከጣሪያው ቁልቁል የወረደ ግድግዳ አለው። «ቀለሙ የሚሞላው ውስጡን ነው። ውስጣቸው ደግሞ ይመሳሰላል። ውጩን ሳያዩ ይሄ ነው ማለት አይቻልም።»

መቀስ ሥዕሉን ትኩር ብላ አየችው። «ከፊት ብቻ የተነሣ ሰው ጀርባው ጎባጣ ይሁን አይሁን አይታወቅም። እንደዛ በይኛ!»

«ልክ እንደዛ» አለች ሐኪሟ ስቃ።

«እሺ፣ ይሄም ሆነ ያ ለኔ ምን ይለውጥልኛል?»

«ብዙ ይለውጣል። ቀንድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አንነካውም። ግድግዳ ከሆነ ግን ቆርጦ ማውጣት ይቻላል።»

የወር አበባዋ ከመጣ ከሃያ ቀን በኋላ እንድትመለስ ቀጠረቻት፤ ያኔ የማህፀኑ ሽፋን ስለሚወፍር ምስሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። የድሮውንም ፊልም ይዘሽ ነይ አለቻት።

በቀጠሮዋ ቀን ሚጣም ሳትጠራ ተከትላት መጣችና ኮሪደር ላይ ተቀመጠች። በዚህኛው ምርመራ መሣሪያው በውስጥ በኩል ነው የሚገባው፤ ከየአቅጣጫው ያነሣውን ምስል ኮምፒውተሩ ገጣጥሞ ማህፀኑን በሙሉ ቅርጹ ያወጣዋል። መቀስ አንገቷን አጣማ ስክሪኑን አየች። ምስል ማንበብ ሥራዋ ነው። ከላይ ያለው የውጩ መስመር ጎድጎድ ሳይል ደልደል ብሎ ያልፋል። ከሥሩ፣ ከውስጥ፣ ቀጭን ግራጫ ነገር ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ሐኪሟ ሁለቴ ለካች። ተሳስቼም እንዳልሆን ብላ ከጎረቤት ክፍል ባልደረባዋን ጠርታ አሳየችው። እንዲህ ያለ አፈጣጠር ካለ ኩላሊትም አብሮ ይታያል ብላ ኩላሊቷንም አየች፤ ሁለቱም ደህና ነበሩ።

«ቀንድ የለሽም» አለቻት በመጨረሻ። «ማህፀንሽ አንድ ነው። መሐሉ ላይ ግድግዳ አለ።»

ሰው እዚህ ላይ ደስ ይላታል ብሎ ይጠብቃል። መቀስን ግን ሆድ ባሳት። ልብሷን ለብሳ ወጣችና ሚጣን «ይቺን ሐኪም ከየት አገኘሻት?» አለቻት።

«ከመጀመሪያው ልጄ ጀምሮ እሷው ናት የምታየኝ። ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው።»

«ሦስት ዓመት! እኔ እጄን አጣጥፌ ቤት ስቀመጥ አንቺ እዚህ ትመላለሺያለሽ? ምን ነበር አንድ ቀን ብትነግሪኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለች ሚጣ። «ሐኪም ባልኩ ቁጥር ፊትሽ ይለዋወጣል። ማርገዜን ስነግርሽ እንኳ ስልኩን ዘጋሽብኝ።»

«ኔትወርክ ነው።»

«ኔትወርክ አልነበረም፣ እታለም።»

አንድ የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን እየገፋች በመሐላቸው አለፈች። መቀስ ምን እንደነካት ሳታውቅ «የልጅሽን ፎቶ ቢጫ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ» አለች።

ሚጣ አፏን ከፍታ ቀረች። «እኔ እኮ ስልኩ ነው ብዬ ባሌን ስንት ቀን ጨቀጨቅኩት! ሌላ ስልክ አስገዛሁት!»

መቀስ ሳቅ አመለጣት። ሚጣም ልትስቅ ብላ ነበር፤ ግን መሐል ላይ ነገሩ ገባት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ልጄ ምን አደረገሽ?» አለችና ለብቻዋ ታክሲ ይዛ ሄደች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተነጋገሩም።

ቀዶ ሕክምናው ሆድ አይከፈትበትም። ቀጭን ካሜራ በማህፀን አፍ በኩል ገብቶ፣ ግድግዳው እየታየ ነው የሚቆረጠው። ሐኪሟ አስቀድማ መቀስንና ባሏን አስቀምጣ እቅጩን ነግራቸዋለች። «ልጅ ትወልጃለሽ ብዬ ቃል አልገባም። ግድግዳው ሳይኖር የወረደባቸውም አሉ፤ ከነግድግዳው የወለዱም አሉ። ሦስት ጊዜ ስለደረሰብሽ ግን ብናወጣው ይሻላል ባይ ነኝ።» ባሏ ብዙ ስለማይናገር መቀስ ወደሱ ዞራ ጠበቀችው። «ቢያንስ አሁን ምን እንደሆነ አወቅን» አለ።

ከማደንዘዣው ስትነቃ አልጋዋ አጠገብ ባሏ አለ፤ ከሱ ቀጥሎ ሚጣ ሆዷን ታቅፋ ተቀምጣለች። «አልታረቅኩሽም» አለቻት ሚጣ። «ውሃ ላጠጣሽ ነው የመጣሁት።»

ሚጣ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ መቀስ ገና አላረገዘችም። ጥየቃ ሄዳ ሕፃኗን ስታቅፍ የድሮው ቅናት አድራሻ ሳይጠይቅ ሰተት ብሎ ገባ። እንዲያውም ባሰባት። ቀድሞ ቀንድ ነው ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር፤ አሁን በሩ ተከፍቶ ማንም የማይገባበት ቤት ሆናለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ካከሟት በአሥረኛው ወር አረገዘች። እሱም ቢሆን በደስታ የተሞላ እርግዝና አልነበረም። በየቀኑ ትፈራለች። ፎቶ ቤት ሆዳቸውን ይዘው የሚነሡ እርጉዞች ሲመጡ፣ እሷም እርጉዝ ሆና ትቀናባቸዋለች፤ ሳይፈሩ በማርገዛቸው። አሥራ አራተኛው ሳምንት ሲያልፍ ለባሏ በስልክ «አለፈ» ብቻ አለችው። እሱም መሰላል ላይ ሆኖ ኖሮ «ቆይ ልውረድ» አላት። በሃያኛው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ «ወገቤን!» ስትል ሚጣ አጨበጨበችላት።

ሴት ልጅ ወለደች፤ በሠላሳ ሰባተኛው ሳምንት፣ ሕፃኗ በእግሯ ስለመጣች በኦፕራሲዮን።

በአምስተኛው ቀን ሚጣ ልትጠይቃት መጣች። ሕፃኗ ከጠዋት ጀምሮ አልቅሳ አልቅሳ መቀስ ማድረግ የምትችለውን ሁሉ አድርጋለች፤ ጡት ሰጥታለች፣ ሽንት ጨርቅ ለውጣለች፣ ተሸክማ ክፍሉን ዞራለች። ሚጣ ሕፃኗን ተቀበለቻትና በሆዷ ገልብጣ ክንዷ ላይ አስተኛቻት፤ ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት። ሕፃኗ አንዴ አገሳችና ጸጥ አለች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

መቀስ አልጋው ላይ ሆና አየቻቸው። የእህቷ ክንድ፣ የልጇ ጉንጭ፣ ያ ጸጥታ። ከትራሱ ቀና አለች።

«ስጪኝ» አለች።

«አሁን እኮ ነው የተኛችው፣ እታለም። ትንሽ ትቆይ።»

«እኔ ላይም መተኛት ትችላለች። ስጪኝ አልኩሽ።»

ሚጣ ፊቷን አይታ ሳቀችባት፤ ያንን ጎረቤት የሚሰማውን ሳቅ። ሕፃኗ ነቃች። አለቀሰችም። መቀስ ግን ሁለቱንም እጆቿን ዘርግታ ጠበቀቻት።