የራስጌው ምላስ

እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ቤተሰቦቹ ብቻ ናቸው። በሥራው ዓለም ሰው ሁሉ «ውሃ ልክ» ነው የሚለው። ስሙን ያተረፈው ብላይንድ የሚሉትን፣ ከሚዞሩ ቀጫጭን ቅጠሎች የተሠራውን የመስኮት መጋረጃ ሲሰቅል የጥፍር ያህል እንኳ ካዘነበለ አውርዶ እንደ አዲስ ስለሚጀምር ነው። ባልደረቦቹ «ከሱ ጋር የወጣ ምሳውን ራት ላይ ይበላል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱ ግን አይቸኩልም። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሰቅል ኖሯል፤ የሰቀለበትን ቤት ሁሉ በአንድ ጠርዘ ጥቁር ደብተር ይመዘግባል።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ስልክ ተደወለለት። የደወለችው የአንዲት ልብስ ሰፊ እህት ናት። ልብስ ሰፊዋ ለብርሃኑ ብላ የስፌት መኪናዋን መስኮት ሥር ነበር የምታስቀምጠው፤ ያን መስኮት ከስድስት ዓመት በፊት ብላይንድ ያለበሰው ውሃ ልክ ነው። የዚያን ዕለት ገመዱን ሳብ ስታደርገው ብላይንዱ ከነራስጌው ወረደባት። የቆርቆሮው ጠርዝ ግራ ዓይኗን አገኘው።

ራስጌ የሚሉት ቅጠሎቹን ከላይ የሚሸከመውን ረጅም የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ገመዱም ቅጠሎቹን የሚያዞረው ዘንግም በሆዱ ውስጥ ያልፋሉ። ሳጥኑን የሚይዙት ከመስኮቱ በላይ በብሎን የታሰሩ ሁለት ማቀፊያዎች ናቸው።

ውሃ ልክ እየበረረ ደረሰ። ልብስ ሰፊዋ ሆስፒታል ተወስዳለች፤ ወለሉ ገና አልተጠረገም። መሰላሉን ዘርግቶ ወጣ። ብሎኖቹ ግድግዳውን እንደነከሱ ናቸው። ማቀፊያዎቹም ንቅንቅ አላሉም። የከዳው የማቀፊያው ከንፈር ነው፤ ራስጌውን ከፊት ቆልፎ የሚይዘው ፕላስቲክ የስድስት ዓመት ፀሐይ አድርቆት ለሁለት ተሰንጥቋል። ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰው።

የሚሠራበት ድርጅት ባለቤት ወጣት ነው፤ ውሃ ልክ የአባቱ ሠራተኛ ስለነበር «ጋሼ» ነው የሚለው። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ ዕቃው ነው ጉድ የሠራን፣ ለሕክምናው እኛ አለንበት፣ እርስዎ ግን ይርሱት አለው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ውሃ ልክ ግን መውጋቱን እንኳ በቅጡ ሳያውቅ መርሳት አቃተው።

በሳምንቱ ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሞቹ ዓይኑ ከእንግዲህ ተስፋ እንደሌለው ተናግረው ነበር። በመንገድ ላይ የሚለውን ሲያሰናዳ ነው የመጣው፤ በፋሻ የተጠቀለለ ፊቷን ሲያይ ግን ያሰናዳው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። የያዘውን ብርቱካን ለእህቷ ሰጥቶ ቆመ።

«የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ልብስ ሰፊዋ በደህና ዓይኗ አየችው። «እንዲህ ያለ መስኮት ስንት አለ?» አለችው።

«ይኼው ዓይነት ማቀፊያ ያለበት፣ ደብተሬ ላይ ሦስት መቶ አርባ ገደማ ቤት አለ።»

«ታዲያ ወንድሜ፣ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ለዚህም ነው የከበደው። ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምግብ ጠረጴዛቸው የቆርቆሮ ሠሪ ቤት ሆነ። ሚስቱ «እኔ ያገባሁት ሰው ነበር ወይስ መጋረጃ?» እያለች ሳህኑን በመቀስና በሞረድ መካከል ታስቀምጥለታለች። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ብሎ፣ ከንፈሩ ከሆነ ችግሩ ከንፈር የማያስፈልገው መያዣ መኖር አለበት የሚል ሐሳብ ያዘ። መጀመሪያ ራስጌውን ከማቀፊያው ጋር በብሎን ሰፋው፤ የብሎኑ ጫፍ ዘንጉን አገደውና ቅጠሎቹ መዞር እንቢ አሉ። ቀጥሎ ከቀጭን ብረት ምላስ ቆረጠ። ምላሱ በራስጌው ሆድ ውስጥ ተጋድሞ፣ ጫፉ በማቀፊያው ጀርባ ባለች ቀዳዳ ይሰካል። ከንፈሩ ቢሰበርም ምላሱ ይይዛል። አሸዋ የሞላ ባልዲ አንጠልጥሎበት ሁለት ሳምንት ተወው። አልወረደም።

ደብተሩን ይዞ በየዕረፍት ቀኑ መዞር ጀመረ። ብዙዎቹ አመስግነው አስገቡት። አንዳንዱ ተጠራጠረው፤ አንድ ጥበቃ በር ላይ ካስቆመው በኋላ «ሌባማ በጠራራ ፀሐይ መሰላል ተሸክሞ አይመጣም» ብሎ ራሱ ስቆ አሳለፈው። ምላሱን ለመግጠም ግን ብላይንዱ መውረድ አለበት፤ ለአንድ መስኮት አንድ ሰዓት ይፈጃል።

አርባ ያህል ቤት ከጨረሰ በኋላ አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ዘንድ ደረሰ። ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የመጣበትን ሲነግራቸው በእርጋታ አዳመጡትና የሳሎኑን መስኮት አሳዩት። ቅጠሎቹ ገርበብ ብለዋል፤ አቧራ ለብሰዋል።

«ባለቤቴ ናት እንዲህ ያደረገቻቸው» አሉት። «ጠዋት ፀሐዩ ዓይኗን ሲወጋት መለስ አደረገችው። በዚያው ቀን አረፈች። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አይነካም ልጄ።»

ሊያስረዳቸው ሞከረ። ፎቶ ላንሳው፣ መልሼ ልክ እንደነበረው አደርገዋለሁ አላቸው። እምቢ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። መሰላሉን ተሸክሞ ሲወጣ ግን ልቡ እዚያው ቀረ፤ ሽማግሌው ዘወትር የሚቀመጡባት ወንበር መስኮቱ ሥር ናት።

እንደገና ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለ። ሳይወርድ፣ ሳይነካ፣ ቅጠል ሳያንቀሳቅስ መግባት አለበት። ሚስቱ ገርበብ ያለ ብላይንድ ፊቱ እንዲሰቅል መከረችው፤ ሰቀለና ቅጠሎቹ ላይ ዱቄት ነሰነሰበት፤ ዱቄቱ ከረገፈ አልተሳካም ማለት ነው። ሰባት ጊዜ ረገፈ። በሰባተኛው የራስጌው ጫፍ መክደኛ ላይ ዓይኑ አረፈ። መክደኛው ቢነቀል ሳጥኑ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ቱቦ ነው። ምላሱን አጠበበው፤ ከገመዱና ከዘንጉ ጎን እንዲያልፍ ወገቡን ቆልመም አደረገው፤ በረጅም ሽቦ እየገፉ ማቀፊያው ጋ ሲያደርሱትና ሽቦውን ሩብ ዙር ሲያዞሩት ጫፉ ቀዳዳዋን ያገኛል፣ ቀጭ ይላል። በስምንተኛው ዱቄቱ አልረገፈም።

ውሃ ልክ ተመልሶ ሲመጣ የአስተማሪው ፊት ጠቆረ። ምንም ቅጠል እንደማይነካ በልጆቹ ምሎ ነገራቸው። ሽማግሌው እርሳስ አምጥተው፣ ቅጠሎቹ ከመስኮቱ ክፈፍ ጋር የሚገናኙበትን አንድ በአንድ ምልክት አደረጉ። ከዚያ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

ውሃ ልክ መክደኛውን አወለቀና በባትሪ ወደ ውስጥ አየ። የቀኝ ማቀፊያው ከንፈር ተሰብሮ የተንጠለጠለው በክር ያህል ነው። እስትንፋሱን ይዞ ምላሱን ገፋ፤ አዞረ፤ ቀጭ አለ። የግራውንም አስገባ። ሲወርድ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ነበር።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ምልክቶቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ውሃ ልክ ያየውን ሊደብቃቸው አልፈለገም፤ ነገራቸው።

«ሊወድቅ ነበር በለኛ» አሉ።

«አዎ አባቴ፣ ብዙም አይቆይም ነበር።»

«ያን ሁሉ ዘመን እንዳይነካ ስጠብቀው» አሉና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እሱንም እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት። ከዚያ ስለ ባለቤታቸው ነገሩት፤ እንዴት ቶሎ ቶሎ ትናገር እንደነበር፣ ቁጥር እንዴት ትጠላ እንደነበር። ሻይ አፍልቼ ልስጥህ ያሉት ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው፤ እሱም የሚቀጥለውን ቤት ትቶ አብሯቸው አመሸ።

በአዲሱ ምላስ አንድ መስኮት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የድርጅቱ ባለቤት መጀመሪያ ነገሩ ጆሮው ሲደርስ ተቆጥቶ፣ ደንበኛ ፊት ዕቃችን ይወድቃል ብለው ያወራሉ ወይ ብሎት ነበር። ውሃ ልክ ምላሱን ከገጠመ በኋላ በየቤቱ የነቀላቸውን የተሰነጠቁ ከንፈሮች ሰብስቦ በከረጢት አመጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። መቶ አሥር ነበሩ። ወጣቱ አንዱን አንስቶ ሲያገላብጥ ቆየ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ምላስ የሚወጣ ራስጌ የለም።

ደብተሩን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ፈጀበት። አሥራ ሦስት ቤት አላገኘም፤ አንዳንዱ ፈርሷል፣ የአንዳንዱ ሰው አገር ቀይሯል። የእነሱን ገጽ ዛሬም እየገለጠ ያያል። ልብስ ሰፊዋ በአንድ ዓይኗ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ክር ማስገባቱን እህቷ ታግዛታለች። መስኮቷ ላይ ራሷ የሰፋችው ጨርቅ ነው ያለው። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ወዳጅ ግን አልሆኑም፤ እሱም ይቅርታ አድርጋልኛለች ብሎ ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

አሁን ጉልበቱ መሰላል ስለማይወጣለት ቁጭ ብሎ አዳዲስ ብላይንድ ሰቃዮችን ያስተምራል። ሚስቱ የሰው ቤት አብራው መሄድ ታፍራለች። በር ሲከፈትለት መጀመሪያ ከመስኮቱ በላይ ነው የሚያየው፤ ባለቤቶቹን ሰላም የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።