«ያረጋገጠው» የሚለው ሳጥን

ባለፈው ሳምንት፣ በቢሯችን በቅርቡ የተቀጠረችው መሐንዲስ የጎርፍ መውረጃ ንድፏን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ገና አላየሁትም፤ ግርጌው ላይ ግን «ያረጋገጠው» ከሚለው ጎን ስሜን ጽፋዋለች። «ጊዜ እንዳልሻማብዎት ብዬ ነው ጋሼ» አለች። መነጽሬን አወለቅኩ። ልቤ ከሃያ ዓመት በፊት ወደነበርኩበት ወደ መቱ ሄደ።

ያኔ ሌንሴና እኔ በአንድ ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠን እንሠራ ነበር። እኔ መንገዱን እነድፋለሁ፣ እሷ የጎርፍ መውረጃውን። ክረምቱ ያው የኢሉባቦር ክረምት ነው፤ ያባራ ሲመስል እንደገና ይጀምራል። ጫማችን ቀይ ጭቃ ለብሶ እንገባለን፤ በር ላይ ከምትሸጠው ሴትዮ የገዛነውን ቅቅል በቆሎ ሳንጨርስ ሥራ አንጀምርም። ሌንሴ እዚያው አጠገብ የኖፓ ልጅ ናት፤ ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይታ ነው የተቀጠረችው።

ዘግይታ መጥታ ቀደመችኝ። እኔ መጽሐፍ ታቅፌ የምታገለውን ሶፍትዌር እሷ በሁለት ሳምንት እንደልቧ አዘዘችው። ፕሮፋይል የምንለውን፣ መሬቱን ከጎን ቆርጦ የሚያሳየውን ሥዕል ስታወጣ፣ ቱቦውም፣ ሰው ገብቶ የሚጠርግበት ጉድጓድ ማንሆሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ይታያል። አለቃችን ጋሼ ታደሰ ከኋላዋ ቆመው «እጅሽ ይባረክ!» ሲሉ የቀረኝን በቆሎ ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ። ለማለሳለስ ብዬ ብዙ ስም ሰጥቼዋለሁ፤ ቅናት ነበር። ይባስ ብሎ እዚያው ኢሉባቦር የቡሬን የመንገድ ሥራ የሚመራ ሰው ከሁለታችን አንዳችን ሊመረጥ ነበር።

አንድ ሰኞ፣ ጋሼ ታደሰ ባዘዙኝ መሠረት መንገዱን አንድ ሜትር ያህል ከፍ አደረግኩት። ለሌንሴ መንገር የእኔ ፋንታ ነው፤ አልነገርኳትም። ማክሰኞ ወንበሯን አዞረችና «እስቲ እየው፤ የረሳሁት ነገር አለ?» አለችኝ። አየሁት። የማንሆሎቿ ክዳኖች በአሮጌው መሬት ልክ አምረው ተቀምጠዋል፤ አዲሱ መንገድ ሥዕሉ ላይ የለም። እንደዚያው ቢሠሩ ክዳኖቹ ከመንገዱ ሙሌት አፈር በታች መቀበራቸው ነው። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር።

«ቆንጆ ነው» አልኳት።

«ገላቶሚ» ብላ በኦሮምኛ አመስግናኝ ከበቆሎዋ ገምሳ ሰጠችኝ። በላሁት።

ሐሙስ ሳይት ላይ፣ ግንበኛው ሥዕሉን የመንገዱን አዲስ ከፍታ ከሚያሳየው ችካል ጋር አስተያየና ሳቀ። «ጋሼ፣ መንገዱ ካለቀ በኋላ ይሄን ክዳን ማን ቆፍሮ ሊያወጣው ነው?» ጋሼ ታደሰ በካፊያው ውስጥ ወረቀቱን ተቀብለው ግርጌውን አነበቡ። «ያረጋገጠው» ከሚለው ጎን ያለው የእኔ ስም ነው። አይቼ «ቆንጆ ነው» ስላልኳት፣ አምናኝ ጽፋዋለች።

«አይተኸዋል?» አሉኝ።

አፌን ሳልከፍት ሌንሴ ቀደመችኝ። «አላሳየሁትም ጋሼ። ስለቸኮልኩ ስሙን እኔው ነኝ የጻፍኩት።»

ያን ጊዜም አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ዝም አልኩ።

ቡሬ የተላክሁት እኔ ነኝ። የሄድኩ ቀን ሌንሴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ሻንጣዬን በመስኮት አቀበለችኝና፣ እንደ ተራ ወሬ፣ «ትናንት የመንገዱን ፋይል ከፍቼ የተቀየረበትን ቀን አየሁት» አለች። «ከፍ ያደረግከው ሰኞ ነው። እኔ የጠየቅኩህ ማክሰኞ ነው።» አውቶቡሱ ተነሳ። ስትሰናበተኝ እጇን አላወዛወዘችም።

«ምነው ጋሼ፣ ስህተት አለው እንዴ?» አለችኝ አዲሷ መሐንዲስ፤ ንድፏን ወደ እኔ ጠጋ አድርጋ።

ስሜን እንድታጠፋው ነገርኳትና ወንበር ስቤ ከጎኔ አስቀመጥኳት። ኮምፒውተሩ ላይ መንገዱንም ቱቦውንም አንድ ላይ ከፍተን ክዳኖቹን አንድ በአንድ ተከተልን። ጎበዝ ናት፤ እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ከነበርኩት በብዙ ትበልጣለች። ያ የጥንቱ ቅናት ደረቴ ውስጥ ተነቃነቀ፤ አርጅቶ ይሞታል ብዬ ነበር። አራተኛው ማንሆል ላይ ስንደርስ ክዳኑ ከመንገዱ በታች ሆኖ አገኘሁት።

«እዚህ ጋ ተሳስተሻል!» አልኳት።

ሃያ ዓመት የዘገየ ቃል ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ድምፄ ከልክ በላይ ጮኸ። ልጅቷ ደንግጣ አየችኝ።