ለጎረቤት የተሸጠው የአጎቴ ቦታ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ሆላንድ፣ ዴንሃግ ከተማ ውስጥ ትራም ስጠብቅ፣ ሠራተኞች የመንገዱን ዳር ሣር ያጭዱ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ የእርጥቡ ሣር ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ትራሙ መጥቶ፣ በሩን ከፍቶ ሄደ፤ እኔ ግን አልተሳፈርኩም። ልቤ ቭላርዲንገን ከተማ፣ ካደግኩበት ቤት ጎን ወደነበረችው ባዶ ቦታ ሄዶ ነበር። እስቲ ልንገርሽ።

ቦታዋ ከቤታችን ጋር አብራ የተገዛች፣ በእኛና በጎረቤታችን መካከል ያለች ነበረች። አባቴ ወደብ ላይ በፈረቃ እየሠራ ያን ቤት ሲገዛ፣ የወደደው ቤቱን ሳይሆን እሷን ነው። ኮምቦልቻ ታላቅ ወንድም ነበረው፤ አባታቸው በልጅነታቸው ሲሞት እንደ አባት ሆኖ ያሳደገው። አንድ ቀን አምጥቶ አጠገቡ ሊያኖረው፣ እዚያች ቦታ ላይ ክፍል ሊሠራለት ያስብ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሣሩን ሲያጭድ ቆም ይልና፣ «በሩ እዚህ ጋ ይሆናል፤ መስኮቱ ደግሞ በዚህ በኩል፣ ፀሐይ እንዲገባለት» እያለ በእጁ ያሳየኛል። ቪዛው ሲከለከል፣ «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው» ይላል። ሣሩ ይበቅላል፤ እሱም ደግሞ ያጭደዋል።

ጎረቤታችን ሆላንዳዊ ነው፤ ረጅም፣ ፊቱ ቀላ ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው። አባቴ ስሙን መጥራት ስለሚያስቸግረው «ቡርማን» ይለዋል፤ በደች ጎረቤት ማለት ነው። እሱም አባቴን «ቡርማን» ይለዋል። እንዲሁ ሲጠራሩ ኖሩ። ሚስቱ ሞታበት ከአንዲት ሴት ልጁ ጋር ነበር የሚኖረው። ልጅቷ ከእኔ ጥቂት ታንሳለች፤ መራመድ ስለማትችል በተሽከርካሪ ወንበር ነበር የምትሄደው። መኝታ ክፍሎቹ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ደረጃው ደግሞ ጠባብ ነው። ትንሽ ሳለች ተሸክሟት ይወጣል። እያደገች ስትሄድ ግን ወገቡ እምቢ አለ። በጋ ላይ መስኮቶች ሲከፈቱ፣ ደረጃው መሃል ቆሞ ሲያቃስት፣ እሷም «ፓፓ፣ ተወኝ፤ ወንበሬ ላይ እተኛለሁ» ስትለው ይሰማን ነበር።

አንድ ቀን መጥቶ በራችንን አንኳኳ።

«ያቺን ቦታ ብትሸጥልኝ ለልጄ ምድር ቤት ክፍል እሠራላታለሁ። ካልሆነ ቤቱን ትተን መሄዳችን ነው» አለ።

አባቴ ሻይ ቀዳለትና፣ «ቦታው ባለቤት አለው፤ ይመጣል» ሲል መለሰለት። ቡርማን አልተከራከረም። ሻዩን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ።

እናቴ በሩ ሲዘጋ፣ «አንተ ሰው፣ ያቺ ልጅ አታሳዝንህም?» አለችው።

«እንዴት አታሳዝነኝም! ግን የወንድሜን ቦታ ሸጬ በምን አፌ ልደውልለት?»

በጋው አልፎ ዝናቡ ሲጀምር፣ አንድ እሑድ ማለዳ ከሮተርዳም ሽማግሌዎች መጡ። አባቴ በሩን ከፍቶ በዚያ ሰዓት ተሰብስበው ሲያያቸው መርዶ መሆኑ ገባው። «ማን ነው?» ብቻ አለ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት እጁን ያዙና፣ «አብሽር ልጄ፤ ታላቅህ ወደ አኼራ ሄዷል» አሉት። እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አለ። እንባ ግን አልመጣለትም።

ቤቱ ወዲያው ሞላ። ከአምስተርዳምም ከዞተርሜርም ሰው መጣ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። ሴቶቹ ሳሎኑንና ወጥ ቤቱን ያዙ፤ ወንዶቹ መቀመጫ አጥተው ባዶዋ ቦታ ላይ ቆሙ። ዝናቡም መጣ። ቡርማን ወጥቶ ምን እንደሆንን ሲጠይቀኝ ነገርኩት። ተመልሶ ገባ። ጥቂት ቆይቶ፣ ለልጁ ልደት የሚተክለውን ነጭ ድንኳን እየጎተተ መጣ። ጠርዙ ላይ ባለቀለም ትናንሽ ባንዲራዎች ተንጠልጥለዋል። ዝናብ እየወረደበት ቆሞ በመቀስ እየቆረጠ ሁሉንም ኪሱ ከተታቸው። ከዚያ ሰዎቹ ተረባርበው አብረውት ተከሉ። ልጁም የሚታጠፉ ወንበሮች ጭኗ ላይ እየደራረበች፣ በእርጥቡ ሣር ላይ ጎማዋን እየገፋች አመላለሰች።

አባቴ ሲወጣ ድንኳኑን አይቶ ደነገጠ። «ለቅሶ ቤት ድንኳን እንደሚተከል ማን ነገረው?» አለኝ።

«ማንም አልነገረውም አባባ። ሲዘንብባቸው አይቶ ነው።»

አባቴ ያኔ አለቀሰ። እንደ ልጅ። ቡርማን አጠገቡ ተቀምጦ፣ የማይገባውን ዱዓ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

ሐዘኑ በረድ ሲል አባቴ እኔን አስከትሎ የቡርማንን በር አንኳኳ። ደች አያቅተውም፤ ያን ቀን ግን ከአፉ የወጣው አማርኛ ነበር። «ንገሪው። ባለቤቱ አይመጣም በይው። ለልጅህ ሥራላት በይው።» እኔም አስተረጎምኩ። ቡርማን የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። በኋላ ውሉን የሚፈጽመው ኖታሪስ ሰነዱን ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ «ባዶ ቦታ» የሚለው ላይ ሲደርስ አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።

አሁን ራሴ እናት ሆኜ ሳስበው፣ በእነዚያ ሁለት ሰዎች መካከል በማደጌ አላህን አመሰግናለሁ። ያኔ ግን ልጅ ነበርኩ፤ ሣሩ ሲቆፈር አኩርፌ መስኮቴን ዘግቼ ነበር።

ክፍሉ አልቆ መጀመሪያ የተጠራነው እኛ ነን። አዲስ እንጨትና ቀለም ይሸታል፤ ብርሃን ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ልጅቷ አልጋዋ አጠገብ ሆና ትስቃለች። አባቴ በሩ ላይ ቆመና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

«ግዴለም ቡርማን፣ ግባ» አለው ጎረቤታችን።

አባቴ ቀና ሳይል፣ በአማርኛ፣ ለራሱ ያህል ብቻ፣ «ወንድሜ ቤት ጫማ አድርጌ አልገባም» አለ። እኔም አላስተረጎምኩም። ቡርማን አየት አደረገው፤ ምን እንዳለ አልጠየቀኝም። የታመመ ወገቡን በአንድ እጁ ደግፎ ጎንበስ አለና፣ የራሱን ጫማ አወለቀ።