ቢጫ ጀሪካኖች

ጉለሌ ዳገቱ ላይ ነው የምንኖረው፤ ውሃ ከጠፋ ሰነባብቷል። የዚያን ቀን ቦቴ ይመጣል ተብሎ ጠዋት ወጣን። በሰፈራችን ወረፋ የሚይዘው ጀሪካን ነው፤ ሰዉ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል።

የክርስትና አባቴ ጋሽ ተስፋዬ ስልካቸውን ከፍተው፣ በሰው አገር ዴሞክራሲ እንፈልጋለን ብለው አደባባይ የወጡ ወጣቶችን ያሳዩናል።

“የውጭ እጅ አለበት” አሉ። “ይኸው፣ ሁሉም ቢጫ ኮፍያ አድርገዋል። ማን ገዝቶ አደላቸው?”

ሰዉ ሁሉ ተስማማ። እኔ ግን የተደረደሩትን ጀሪካኖች አየሁና፣ “የእኛስ ጀሪካን ሁሉም ቢጫ አይደል? ማን አደለን?” አልኩ።

ተሳቀ። ሳቁ ልብ ሰጠኝ መሰለኝ፣ “በቃ፣ ባዶውን ጀሪካን እንደያዝን አንድ ላይ ሄደን ውሃችን የት ገባ ብለን ለምን አንጠይቅም?” ብዬ ጨመርኩ።

አንዷ ጎረቤታችን ነጠላዋን ሰብስባ ከአጠገቤ ተነሳች። ጋሽ ተስፋዬ ክንዴን ይዘው ወደ አጥሩ ወሰዱኝ። በአርባ ቀኔ አቅፈውኝ ቤተ ክርስቲያን የገቡ ሰው ናቸው።

“ልጄ፣ ለእኔ እንኳ እውነቱን ንገረኝ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ማነው የላከህ?”

“ውሃ ጥሙ ነው፣ ጋሼ።”

አላመኑኝም። ስንመለስ ሰዎቹ ጀሪካኔን ከወረፋው አውጥተው ለብቻው አቁመውታል።