ከወንፈል ያወጣኋቸው ሽማግሌ

ልጆቼን ሳስተምር የኖርሁት አንድ ነገር አለ፤ ሰው በእጁ ላደረገው ብቻ ሳይሆን በድምፁ ላደረገውም ይጠየቃል። ዛሬም ከዚህ ቃል አልወጣሁም። የምጽፈው ግን በዚሁ ቃል አንድ ሽማግሌን ስለ በደልሁበት ኅዳር ነው።

ከቡሬ በእግር አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ባለች መንደር እኖራለሁ። አናጢ ነኝ፤ ጥቂት መሬትም አርሳለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርሁት ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ የእንጨት ልክ መጻፍ ሲቸግረኝ፣ በራሴ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ስለማነብ መንደሩ እንደ አዋቂ ያየኛል። እኔም ራሴን እንደዚያው አይ ነበር።

ወንፈላችን ስምንት ቤት ነው። አጨዳ ሲደርስ ስምንታችንም ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ እናጭዳለን። ተራውን የምመድበው እኔ ነበርሁ። ከስምንቱ አንዱ ከማሳዬ በታች የሚያርሱት ሽማግሌ ናቸው፤ ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ርቀው ሄደዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነበረው ምርጫ አንድ የአካባቢያችን ሰው ተወዳደረ። ሽማግሌው የክርስትና አባቱ ናቸው። መረጡት፤ ሌላውም እንዲመርጠው በየደጁ ዞሩለት። ወንበሩ ላይ ከወጣ በኋላ የሠራውን ሁላችንም አየን። ማዳበሪያው ለሚያጨበጭብለት ቀድሞ ይደርሳል፤ ለሚጠይቀው ግን የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ። ከወንፈላችን ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት አለች፤ የወንዝ ዳር መሬቷን ነጥቆ ለዘመዱ ሰጠባት። አቤት ስትል ሁለት ቀን አሳሰራት።

በዚህ ነደድሁ። ሰውዬው እጄ ከማይደርስበት ተቀምጧል፤ ሽማግሌው ግን ጎረቤቴ ነበሩ። በጽዋ ማኅበራችን ላይ ጠላው እየተቀዳ፣ በምርጫው ቀን ጣቱን ቀለም ያስነካ ሰው ግፉም በእጁ ነው ብዬ ተናገርሁ። አንዱ፣ የአንተም ጣት ቀልሞ አይተናል ብሎ ሰዉን አሳቀው። የእኔ ለሌላው ነበር ብዬ መለስሁ። ሽማግሌው ዋንጫቸውን አስቀመጡና ተነሥተው ወጡ። አጨዳው ሲደርስ ከተራው አወጣኋቸው። ሌሎቹ አልወደዱትም፤ ፊት ለፊት የተቃወመኝ ግን አልነበረም።

ፍኖተ ሰላም መምህርነት የምትማረው ልጄ በዚያ ሰሞን መጥታ ነበር። ሽማግሌው ብቻቸውን ጎንበስ ቀና ሲሉ ከደጃችን ቆማ አየቻቸው። ጤፉ ደርሶ ራሱን ደፍቷል፤ በምዕራብ በኩል ኅዳር የማያውቀው ጥቁር ደመና ቆሟል።

«አባ፣ እኒህ ሰውዬ ማጭድ የሚይዝላቸው አጡ እንዴ?» አለችኝ።

በድለዋል አልኋት፤ የበደሉትንም አንድ በአንድ ነገርኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ታዲያ የሳቸው ጤፍ ቢበሰብስ የሴትዮዋ መሬት ይመለሳል?»

ለአባት እንዲህ አይመለስም ብዬ ተቆጣኋት። ቃሏ ግን አላስቀምጥ አለኝና ወደ ማሳው ወረድሁ።

ይቅር ልል አልነበረም የሄድሁት። በወንፈሉ ፊት ጥፋታቸውን ቢናገሩ እናጭድላቸዋለን ልላቸው ነው፤ አልኋቸውም። ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«በድያለሁ» አሉ። «ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ። በክርስትና ያነሣሁት ልጅ ነው፤ እሱን ብተው እግዜር ፊት የገባሁትን ቃል የካድሁ መሰለኝ። ግን ልጄ፣ አስቀድሜ አንተን ጠይቄህ ነበር።»

ተመልሰው ጎንበስ አሉ።

እውነታቸውን ነው። በምርጫው ሰሞን ሰውዬው ቡሬ ላይ ለሚያሠራው ቤት በርና መስኮት የምሠራው እኔ ነበርሁ። ሽማግሌው ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥተው፣ አንተ ያነበብህ ነህ፣ ከቤቱም ትገባለህ፣ ልጁ ለሰው ይሆናል ወይ ብለው ጠየቁኝ። በዚያች ሰዓት የምልገው፣ ሰውዬው ለቤቱ ያመጣልኝ ጣውላ፣ ለትምህርት ቤታችን መቀመጫ የተገዛው ነበር። ለትምህርት ቤቱ የለካሁት ራሴ ነኝና አውቀዋለሁ፤ ጫፉ ላይ በእርሳስ የጻፍሁት ቁጥር እንኳ አልጠፋም። እኔ የማውቀው እንጨት ነው፣ ሁሉም የልቡን ይምረጥ አልኋቸው። የጨዋ መልስ ይመስል ነበር። ሥራው እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነው እንጂ ጨዋነት አልነበረም።

እርግጥ ነው፣ የመረጥሁት ሌላውን ነው። አንድ ድምፅ፣ የራሴን፣ ከለከልሁት። ሽማግሌውንና እሳቸው የዞሩትን ደጅ ሁሉ ግን በዝምታዬ ሰጠሁት።

የዚያን ቀን ወንፈሉ ከላይ ካለው ማሳ ላይ ነበር። ወጥቼ የጣውላውን ነገር ማጭዳቸውን እንደያዙ ነገርኋቸው። በማኅበሩ ያሳቀው ሰው፣ «እንግዲህ ተራ መዳቢውን ከተራ ማን ያውጣልን?» አለ። የሳቀ የለም። ሁሉም መሬቷን ወደ ተነጠቀችው ሴት ዞረ።

«ዝናቡ አይጠብቀንም። የሱን በኋላ» አለችና ቀድማ ወረደች።

ዝናቡ ሳይጥል ግማሹን ከመርንላቸው። የቀረው ረጥቦ፣ ጠቁሮ ተወቃ።

ለሽማግሌው ያጨደችው ሴት እኔን እስከ ፋሲካ ሰላም አላለችኝም። መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ለመረጠው አጭዳ ያልመረጠውን እንዴት ትኮንናለች አልሁ። እያደር ገባኝ። እሳቸው የጠየቁት ስላላወቁ ነው፤ እኔ ዝም ያልሁት እያወቅሁ። መራጭ ይጠየቃል፤ አሁንም እላለሁ። ሲመርጥ ምን ያውቅ እንደነበር፣ ያላወቀውንም ማን ደብቆት እንደነበር ሳልጠይቅ ግን በማንም ላይ አልፈርድም።

ተራ መመደቡን ተውሁ። አሁን የሚመድቡት ሽማግሌው ናቸው። የእኔን ማሳ መጨረሻ ላይ ያደርጉታል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሴትዮዋን አስቀደሙና እኔን በወትሮው ቦታዬ፣ ሁለተኛ ላይ ተዉኝ። ቢቀጡኝ ይቀልለኝ ነበር።