ሁለተኛው ጥሪ

እትዬ ማንተግቦሽ ስማቸው ሲጠራ አይመልሱም። አውስትራሊያ፣ ኖርዝ ሜልቦርን፣ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ፎቅ አሥራ አራተኛው ላይ፣ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ ስኖር ይህን ጠባያቸውን ኩራት ነበር የምለው። አባታቸው በከፋ በኩል የአንድ ባለርስት አዛዥ እንደነበሩ ይነገራል፤ የአዛዥ ልጅ ቶሎ «አቤት» አይልም ብዬ አልፌዋለሁ።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 ክረምት ግን ጠባያቸው ዓይናቸውን ሊያሳጣቸው ደረሰ። ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። ሆስፒታሉ ሁለት ጊዜ ቀጥሯቸው፣ ሁለቱንም ጊዜ መጠበቂያው ክፍል ቁጭ ብለው ስማቸው ሲጠራ ዝም አሉ፤ «አልመጡም» ተባለ። የልጅ ልጃቸው ሂዊ ሺፍት ስለነበረባት በር ላይ ያዘችኝ።

«ጋሼ ጌታቸው፣ ዛሬ ካልገቡ ሰርጀሪውን ካንስል ያደርጉታል። ሲጠሩ እርስዎ ይመልሱላቸው፣ በቃ!»

መጠበቂያው ክፍል ግራጫ ነው፤ መስኮቱም ግራጫ። ጉሙ ከተማውን እስከ ትከሻው ውጦታል። እኔ እንደምመልስላቸው ስነግራቸው እጄን ያዙኝ።

«አንተ፣ ያን ሁሉ ተምረህ፣ በሰው ስም መመለስ አይከብድህም?»

«ምኑ ይከብዳል እትዬ? አንዲት ቃል ናት።»

«አንዲት ቃል!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደማያዩት መስኮት አዞሩ።

«አባቴ ባሪያ ነበር። አዛዥነቱ በባርነቱ ላይ የተደረበ ነው። ጎህ ሲቀድ ቡናው መሃል ቆሞ ሌሎቹን ባሮች ይጠራል። ያን ጊዜ የባሪያ ስም ግማሽ ነው፤ የቀረውን የተጠራው ይሞላዋል። ‹ዓለም ለማን?› ይላል አባቴ። ‹ለጌታዬ!› ትላለች፣ ዓለም ለማን የምትባለው። እናቴ ወተት ሲነጥፍባት እኔን ያጠባችኝ እሷ ናት።»

ጣሊያን ሊገባ ዓመት ሲቀረው፣ እሳቸው የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ዓለም ለማን ጠፋች። ጠዋቱ ጉም ነበር፤ ሰው ሁሉ ከወገቡ በታች የለም፤ የቡናው ቅጠል ይንጠባጠባል። ጌታው በቅሎው ላይ ሆኖ ያዳምጣል። አባት የዓለም ለማንን ስም ጠሩ። ልጅቱ ማንተግቦሽ ከቅጠሉ መሃል ድምጿን አወፍራ «ለጌታዬ!» አለች።

«ባሮቹ ሁሉ ሰሙ፤ አንድም ትንፍሽ ያለ የለም። አባቴም አወቀኝ። ሰው ከጎደለ የሚገረፈው እሱ ነው፤ ደብቆ ከተነቃበት ደግሞ እኔና እናቴ ነን የምንሸጠው። ቀጣዩን ስም ጠርቶ ማለፍ ይችል ነበር። እሱ ግን ደገመው። ‹ዓለም ለማን?›»

«እርስዎስ?»

«ዝም አልኩ።»

የጌታው ፈረሰኞች ቀን ሳይጋመስ ዓለም ለማንን ወንዝ አጠገብ ያዟት።

ስለ ሥልጣን ብዙ አንብቤያለሁ። ሥልጣን እንዲህ ከአንድ ባሪያ ጉሮሮ ወጥቶ በሕፃን አፍ ላይ ሲያርፍ ግን አስቤው አላውቅም። አባትየው የደገሙት ፈርተው ይሆን?

«እኔም ፈርቶ ነው እል ነበር» አሉ፣ ያሰብኩትን የሰሙ ይመስል። «ካረጀሁ ወዲህ ነው ሌላው የመጣብኝ። እየለመነኝ ቢሆንስ? ጌታው ተጠራጥሮ ኖሮ፣ ‹ልጄ፣ አንዴ ድገሚልኝ› እያለኝ ቢሆንስ? ደግሜ ብመልስለት ኖሮ…»

አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ ብቅ አለች።

«ማንተ… ማንተግቦስ?»

አፌን ከፈትኩ። እትዬ ማንተግቦሽ ጣቴን ጨበጡት፤ አመመኝ። ነርሷ ክፍሉን ቃኘች፣ ወረቀቷ ላይ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አነሣች፣ ከዚያ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ቀና ብላ ደገመች።

«ማንተግቦስ?»

ጣቴን ለቀቁኝና ተነሡ።

«አለሁ!»

ድምፁ ቀጭን ነበር፣ የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ነርሷ ክንዷን ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ጤዛ ባዘለ ሣር ላይ እንደሚሄድ ሰው እግራቸውን ከፍ ከፍ እያደረጉ ተከተሏት። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ጌታቸው፣ ቦርሳዬን እንዳትረሳ።»